«ይሄዳል» እና «ይበላል»፦ የሰንጠረዥ ሕግ አሻሚነትና የጎንደር የትርጓሜ ልማድ

1. መነሻ

ሰንጠረዥ የሚለውን ቃል ዛሬ ለተማሪ ብንጠራለት ወደ አእምሮው የሚመጣው በመስመር የተከፋፈለ የቁጥር መደርደሪያ ነው። «ከሰንጠረዥ 3 እንደምንረዳው» እያለ የመመረቂያ ጽሑፉን ይጽፋል። ቃሉ ግን ወደ ጥናት ወረቀት ከመግባቱ በፊት የጨዋታ ስም ነበር። ከሕንድ ተነሥቶ በፋርስና በዓረብ በኩል ወደ አገራችን የዘለቀ፣ በመኳንንቱ አዳራሽ በቀይ ጨርቅ ላይ ንጉሥ ከንጉሥ፣ ፈረስ ከፈረስ የሚጋጠምበት የጦርነት ጨዋታ ነበር። ዛሬ ጨዋታውን የሚያውቅ ሰው ማግኘት ቸግሯል። ሠራዊቱ ወጥቶ መስመሩና ቤቱ ብቻ ቀርቷል ማለት ይቻላል።

በዚህ ጽሑፍ የማነሣው የቃሉን ታሪክ ሳይሆን የሕጉን ጉዳይ ነው። ስለ ሰንጠረዥ የተጻፉትን ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያነብ ሰው፣ የአንዳንዱ ጠጠር ችሎታ ሁለት ዓይነት ሆኖ ተመዝግቦ ያገኛል። አንዱ «እንዲህ ይሄዳል» ሲል ሌላው «እንዲያ ነው» ይላል። ይህን ልዩነት ብዙ ጊዜ የምንተረጉመው የመዝጋቢ ስሕተት አድርገን ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷልና ትክክለኛውን እንፈልግ እንላለን። የእኔ አስተያየት ከዚህ ይለያል። በቃል የሚኖር የጨዋታ ሕግ እንደ ማንኛውም አጭር ቃል አሻሚ ነው። አሻሚነቱን የሚፈታው ደግሞ በሕጉ ዙሪያ የሚካሄደው ክርክርና የዳኛው ቃል ነው። ክርክሩ ሳይመዘገብ ሕጉ ብቻ ሲመዘገብ እኩሌታው ይጠፋል። ይህን ለማሳየት ሰንጠረዥን፣ በጠዳ የሚታየውን የገበጣ ክርክርና በጎንደር ጉባኤ ቤቶች የጸናውን የአንድምታ ልማድ አንድ ላይ አያለሁ። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በስተቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

2. የሰንጠረዥ ሠራዊትና ሕግ

ሰንጠረዥን አይተው በጽሑፍ ካኖሩት የውጭ አገር ሰዎች ቀዳሚ ከሚባሉት አንዱ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ነው። ሶልት በትግሬው ገዥ በራስ ወልደ ሥላሴ ቤት ጨዋታውን አይቶ በ1814 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ጠቅሶታል። ሁለተኛው የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን ነው። ፕላውደን በ1860 ጎንደር አጠገብ በሽፍቶች እጅ ቆስሎ በከተማዋ ሞተ፤ ማስታወሻው ግን ከሞተ በኋላ በ1868 ታተመ። የቼዝን ዓለም አቀፍ ታሪክ የጻፈው ኤች. ጄ. አር. መሪ በ1913 ባወጣው ትልቅ መጽሐፍ ስለ ኢትዮጵያ ጨዋታ ሲናገር በእነዚህ ቀደምት ምስክሮች ተደግፏል። ማርሴል ግሪዮል በ1932 በጎንደር ቆይቶ ከሄደ በኋላ በ1935 ስለ ኢትዮጵያ ጨዋታዎች አንድ መጽሐፍ አሳትሟል። ሪቻርድ ፓንክኸርስት ደግሞ በ1971 ስለ ሰንጠረዥ ታሪክና ሕግ በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ የተሟላ ጥናት አቅርቧል።

በእነዚህ ጽሑፎች መሠረት የጨዋታው መልክ ባጭሩ እንዲህ ነው። ገበታው 64 ቤት አለው፤ ቤቶቹ ግን እንደ ቼዝ ጥቁርና ነጭ አይደሉም። ብዙ ጊዜ በቀይ ጨርቅ ላይ ጥቁር ወይም ሰማያዊ መስመር ተደርጎ ይሠራል። በእያንዳንዱ ወገን 16 ጠጠር ይሰለፋል፤ አንድ ንጉሥ፣ አንድ ፈርዝ፣ ሁለት ፊል፣ ሁለት ፈረስ፣ ሁለት ደርና ስምንት መደቅ። ፊል በዓረብኛ ዝሆን ነው፤ ፈርዝም ከፋርስ የመጣ፣ የንጉሥ አማካሪ ማለት ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች ንጉሡን ከመካከለኛው መስመር በስተቀኙ ያቆማል፤ በዚህ የተነሣ የአንዱ ንጉሥ ፊት ለፊት የሚያየው የሌላውን ፈርዝ ነው። ደር በቀጥታ የፈለገውን ያህል ይሄዳል። ፈረስ እንደ ዛሬው ቼዝ ፈረስ ይዘላል። ፊል በሰያፍ ሁለተኛው ቤት ላይ ያርፋል፤ በመካከል ያለውን ጠጠር ዘሎ ማለፍ ይችላል። መደቅ አንድ ቤት ወደ ፊት ይሄዳል፤ ሲበላ ግን በሰያፍ ይበላል።

ከሌላው ዓለም ጨዋታ ሰንጠረዥን የሚለየው ወረራ የሚባለው መክፈቻው ነው። ጨዋታው ሲጀመር ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ ጠጠራቸውን እንደፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ። እየተያዩ ይሰለፋሉ፤ የባላጋራውን አሰላለፍ አይተው የራሳቸውን ያፈርሳሉ፣ መልሰው ያበጃሉ። ይህ የሚያበቃው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው። ከዚያ በኋላ በተራ ይጫወታሉ። ስሙ ራሱ ከጦር ሜዳ የመጣ ነው። በእውነተኛው የዘመቻ ሥርዓትም ክተት ከታወጀ በኋላ ሠራዊት የሚሰበሰበው በተራ አልነበረምና፣ ጨዋታው የአገሩን ጦርነት መልክ ይዟል ማለት ያስደፍራል።

አጫፋሪውም የጨዋታው ክፍል ነበር። ሰንጠረዥ ዝም ተብሎ የሚታይ ጨዋታ አልነበረም። በዙሪያው የተቀመጠው ሰው ይመክራል፣ ያሾፋል፣ ይከራከራል። ይህን ነጥብ አንባቢው እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ የዚህ ጽሑፍ ክርክር በእርሱ ላይ ይቆማልና።

3. ሦስት አሻሚ ቃላት

ሀ) ፈርዝ፦ የዝምታ አሻሚነት

የፈርዝ ችሎታ በመዝገብ ሁለት ዓይነት ሆኖ ይገኛል። በአንደኛው ንባብ ፈርዝ የሚሄደውም የሚበላውም በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ነው። በሁለተኛው ንባብ ወደ ፈለገው አቅጣጫ አንድ ቤት ይሄዳል፤ ሲበላ ግን በሰያፍ ብቻ ይበላል። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። በመጀመሪያው ንባብ ፈርዝ በገበታው ላይ ከግማሹ ቤት በቀር ሊረግጥ አይችልም፤ በሁለተኛው ንባብ የማይደርስበት ቤት የለም።

አሁን አንድ አዋቂ ለልጅ ጨዋታውን ሲያስተምር «ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ይበላል» ብሎ ነገረው እንበል። ይህ ዓረፍተ ነገር ስለ መብላት ተናገረ፤ ስለ መሄድ ግን ዝም አለ። በአማርኛ የጨዋታ ቋንቋ «በላ» እና «ሄደ» ሁለት የተለያዩ ግሦች ናቸው፤ በገበጣም እንደዚሁ ነው። ልጁ ዝምታውን በሁለት መንገድ ሊሞላው ይችላል። አንዱ ልጅ «ደርም ፊልም ፈረስም በሚሄዱበት ይበላሉ፤ ስለዚህ ፈርዝም በሚበላበት ይሄዳል» ብሎ ይደመድማል። ሌላው ልጅ «መደቅ የሚሄድበት ሌላ፣ የሚበላበት ሌላ ነው፤ መምህሬ ‹ይበላል› ብሎ ለይቶ የተናገረው መሄዱ ሌላ ቢሆን ነው» ይላል። ሁለቱም በምክንያት ነው የሚናገሩት። የመጀመሪያው ከብዙኃኑ ጠጠር ልማድ ተነሣ፤ ሁለተኛው ከቃሉ አመራረጥ ተነሣ። ሁለቱ ልጆች አድገው፣ አንዱ በአንድ መስፍን ቤት፣ ሌላው በሌላ መስፍን ቤት ቢያስተምሩ ሁለት የሰንጠረዥ ሥርዓት ይወለዳል። እንግዳ መንገደኛም በአንዱ ቤት ያየውን ይጽፋል። የተመዘገቡት ሁለቱ ንባቦች በዚህ መንገድ ተለያዩ ብሎ መገመት፣ ከሁለቱ መዝጋቢዎች አንዱ ዓይኑ አልበራም ከማለት ይልቅ ለእኔ ይቀርበኛል።

ለ) ሰባት፦ የቁጥር አሻሚነት

በተመዘገቡት ሕጎች ውስጥ ከመደቅ ሌላ አንድ ባለ ማዕረግ ጠጠር ብቻ የቀረው ንጉሥ፣ ያ ጠጠር ሰባት ጊዜ ከመንቀሳቀሱ በፊት ካልተሸነፈ ጨዋታው በእኩል ያበቃል የሚል አለ። ቁጥር ግልጽ ነገር ይመስላል። ይሁን እንጂ «ሰባት ጊዜ» የሚለው ከየት ይጀመራል? ሌላው የመጨረሻ ባልደረባው ከተበላበት ቅጽበት ነው ወይስ ጠጠሩ ራሱ መጀመሪያ ከተነሣበት? ንጉሡ ሲሸሽ የሄደው ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? ሰባተኛው እርምጃ ከተፈጸመ በኋላ ያለው ተራ የአሳዳጁ ነው ወይስ ጨዋታው እዚያው ላይ ቆሟል? ተሸናፊው በፍጥነት፣ አሸናፊው በዝግታ መቁጠር እንደሚወድ ለማንም ግልጽ ነው። ሰባት ቁጥር ከሊቅ እስከ ደቂቅ የታወቀ ቢሆንም ቆጣሪውን ማን እንደሚሾመው ሕጉ አይናገርም።

ሐ) «አይሆንም»፦ የክብር አሻሚነት

ሦስተኛው ከሁለቱ የጠለቀ ነው። በሰንጠረዥ ንጉሥን መግደል ብቻውን አይበቃም፤ በምን ተገደለ የሚለው ይጠየቃል። በደር ወይም በፈረስ መግደል ተራ ነገር ነው። በፊል ወይም በፈርዝ መግደል ያስመሰግናል። በመደቅ መግደል ግን ከሁሉ ይበልጣል። ሠራዊቱን ሁሉ አጥቶ ብቻውን የቀረ ንጉሥም አይገደልም።

እዚህ ላይ የአማርኛ ግሥ ራሱ ያወዛግባል። «ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይሞትም» ሲባል «አይሞትም» ሊሆን የማይችል ነገር መግለጫ ነው፣ ክልከላ ነው፣ ወይስ ነውር መሆኑን ማሳወቂያ? «በደር መግደል አይሆንም» ያለ ሰው ድሉን እየሻረ ነው ወይስ አሸናፊውን እያፈረው? ቋንቋችን «አይቻልም»ን፣ «አልተፈቀደም»ንና «አያምርም»ን በአንድ «አይሆንም» ሊናገር ይችላል። ከሕግና ከወግ መካከል ያለው ድንበር በዚህ ቃል ውስጥ ይጠፋል። ወደ ውጭ ቋንቋ የሚገለብጥ ሰው ግን ከሦስቱ አንዱን መምረጥ ግድ ይለዋል። ክልከላ አድርጎ ከገለበጠው ሕግ ሆኖ ይመዘገባል፤ ነውር አድርጎ ከገለበጠው ወግ ሆኖ ይመዘገባል። በአማርኛ አንድ የነበረው ሁለት ይሆናል።

4. የጠዳ ገበጣ

ሰንጠረዥ ሲጫወቱ ማየት ባንችልም፣ በቃል የሚኖር የጨዋታ ሕግ እንዴት እንደሚተረጎም ማየት ግን ዛሬም ይቻላል። ጠዳ ከጎንደር በስተደቡብ፣ ከአዘዞ ቀጥላ በባሕር ዳር መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። የአካባቢው እረኞችና ሽማግሌዎች መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍረው፣ ጠጠር ለቅመው ገበጣ ይጫወታሉ። ፓንክኸርስት በ1971 ባሳተመው ሌላ ጥናቱ በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ከመቶ በላይ የገበጣ ዓይነቶችን መዝግቧል። ይህን የሚያህል ብዛት የተፈጠረው በየቦታው አዲስ ጨዋታ እየተፈለሰፈ ብቻ አይመስለኝም። አንዱ ሕግ በየመንደሩ ሲተረጎም ጭምር ነው።

በአንድ የገበያ ቀን ጠዳ ላይ ሁለት ጎልማሶች ሲጫወቱ ቆሜ አይ ነበር። ሁለቱም የሚቀበሉት ሕግ የመጨረሻዋ ጠጠር ባዶ ጉድጓድ ውስጥ ስትወድቅ የተጫዋቹ ተራ ያልቃል የሚል ነው። አንደኛው ካንድ ጉድጓድ ብዙ ጠጠር ዘግኖ ሲዘራ ገበታውን ዙሮ፣ የመጨረሻዋ ጠጠር ተነሥቶ በመጣበት ጉድጓድ ላይ አረፈች። «ባዶ ነው፤ አልቋል» አለ ባላጋራው። «ባዶ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ የራሴ ቤት እንጂ ባዶ አይደለም» አለ የዘራው። ክርክሩ ጦፈ። ተመልካቹም ተከፈለ። አንዱ «ባዶ ማለት ጠጠር የሌለበት ነው» አለ። ሌላው «ባዶ ማለት ዘር ከመጀመሩ በፊት ባዶ የነበረ ነው» አለ። አንባቢው እንደሚያስተውለው ሁለቱም የአንድ ቃል ፍቺ ነው የሚናገሩት፤ ጥያቄው «ባዶ» የሚለው ቅጽል በየትኛው ጊዜ ይለካ የሚል ነው።

አንድ ሽማግሌ እንዲዳኙ ተጠየቁ። እርሳቸው ስለ ባዶ ምንም አላሉም። «እናንተ፣ በየት ሕግ ነው የጀመራችሁት? በዚህ ነው ወይስ በማክሰኚት?» ብለው ጠየቁ። አንደኛው ከማክሰኚት መምጣቱን፣ ሲጀምሩም ስለዚህ ነገር አለመነጋገራቸውን ተናገረ። «እንግዲያው ለዛሬ በተቀመጣችሁበት አገር ሕግ ተጫወቱ፤ ማክሰኚት ስትሄዱ በዚያው» ብለው ፈረዱ። ሁለቱም ተስማምተው ቀጠሉ።

በዚህ ፍርድ ውስጥ ሦስት ነገር አለ። አንደኛ፣ ዳኛው አንዱን ንባብ እውነት፣ ሌላውን ሐሰት አላሉም። ሁለተኛ፣ ንባቡን ከቦታው ጋር አያይዘው ሁለቱንም በየቤታቸው አቆዩአቸው። ሦስተኛ፣ ጨዋታው መቀጠል ስላለበት ለዛሬ አንዱን መረጡ። ይህ አስተሳሰብ ለጎንደር ሊቃውንት እንግዳ አይደለም።

5. «አንድም» እና ፍርድ

በጎንደር ጉባኤ ቤቶች የግእዙ መጽሐፍ በአማርኛ ሲተረጎም አንዱ ፍቺ ከተሰጠ በኋላ «አንድም» እየተባለ ሌላው ይከተላል። የመጀመሪያው አይሻርም፤ ሁለተኛው በአጠገቡ ይቀመጣል። በትርጓሜው ታሪክ የታወቁት ላይ ቤትና ታች ቤትም እንዲሁ ናቸው። ታች ቤት በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጎንደር ላይ ካስተማሩት ከመምህር ኤስድሮስ ስም ጋር ተያይዞ ይነገራል። ተማሪ በየትኛው ቤት እንደተማረ ይጠየቃል፤ የሚሰጠው ፍቺም በዚያው ይመዘናል። ስለዚህ ልማድ ሮጀር ካውሊ በ1983 የዮሐንስ ራእይን ትርጓሜ አስመልክቶ ያሳተመው ጥናት ለውጭው ዓለም በር ከፍቷል። ለእኛ ዋናው ነገር ግን ልማዱ የንባብን ልዩነት ከነባለቤቱና ከነቤቱ ተሸክሞ ማሻገር መቻሉ ነው።

ይሁንና ጨዋታን ከመጽሐፍ ጋር ማመሳሰል ገደብ አለው። መጽሐፍ ሁለት ፍቺ ይዞ ሊያድር ይችላል። ቅኔ ደግሞ ሁለት ፍቺ ይዞ እንዲያድር ታስቦ ይቆጠራል፤ ሰሙም ወርቁም የባለቅኔው ሐሳብ ናቸው። የጨዋታ ሕግ ግን ሁለት እንዲሆን ያሰበ የለም። ሁለት ሆኖ ሲገኝም ሊያድር አይችልም፤ ፈርዝ ከቤቱ ተነሥቶ በተጫዋቹ ጣት ላይ ነው፣ ወይ ይረግጣል ወይ አይረግጥም። ስለዚህ ጨዋታ ከአንድምታ በተጨማሪ ዳኛ ይፈልጋል።

ዳኛ የማግኘት ዘዴ ደግሞ በአገራችን የዳበረ ነበር። በቀድሞው የሙግት ሥርዓት ሁለት ተካሳሾች በነጠላቸው ጫፍ ተቆራኝተው «በሕግ አምላክ» ብለው የሚያልፈውን መንገደኛ ማስቆም፣ ዳኛ አድርገውም ማስቀመጥ ይችሉ ነበር። በከፍተኛው ችሎትም ሐሳብ የሚሰጠው ከዝቅተኛው ዳኛ ተጀምሮ ወደ ላይ ነበር፤ ንጉሡ መጨረሻ ይናገራሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ትልቁ ቀድሞ ከተናገረ ትንሹ ያየውን አይናገርምና። በሰንጠረዥ ዙሪያ የተቀመጠውን ተመልካች በዚህ ዓይን ካየነው አስተያየት ሰጭነቱ የሥርዓት ጉድለት አይደለም። ተመልካቹ ጉባኤም ችሎትም ነው። «በእገሌ ቤት ፈርዝ እንዲህ ይሄድ ነበር» ብሎ ንባብ ያመጣል፤ «ለዛሬ ይህ ይሁን» ብሎ ይፈርዳል። ሰባቱንም የሚቆጥረው፣ በደር የገደለውን የሚያፍረውም እርሱ ነው። ሕጉ ያልተናገረውን ሁሉ የሚሞላው ይህ ክበብ ነበር።

ስለዚህ የሰንጠረዥ ሕግ አሻሚ ሆኖ የሚታየን ለእኛ ነው። በክበቡ ውስጥ ለነበሩት አሻሚነቱ ቢነሣም የሚፈታበት መንገድ አብሮ ነበረ። የጨዋታው ቤት የነበረው የመኳንንት አዳራሽ ሲፈርስ፣ ጣሊያን በ1935 ከወረረ በኋላም የቀድሞው የአዳራሽ ሕይወት ሲበተን፣ ክበቡ ተበተነ። መጽሐፉ ቀረ፤ ትርጓሜው ሄደ። ጉባኤ ቤቱ ተዘግቶ ዘርፍ የሌለው ንባብ ብቻ እንደተገኘ ቁጠሩት።

6. ሌሎች እንዴት ፈቱት?

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አለመሆኑን ለማየት ወደ ውጭ ዞር ማለት ይጠቅማል። በፕሩሲያ ፎን ራይስቪትስ የተባሉ አባትና ልጅ የጦር መኮንኖች የሚሠለጥኑበት የጦርነት ጨዋታ አዘጋጁ። አባትየው በ1812 ለንጉሡ አቀረበው፤ ልጁ በ1824 ሕጉን አሻሽሎ አሳተመው። በዚህ ጨዋታ ትንንሽ የሠራዊት ምልክቶች በካርታ ላይ ይንቀሳቀሳሉ፤ ከተጫዋቾቹ ውጭ ዳኛ ተቀምጦ ውጤቱን በሰንጠረዥና በዕጣ ይወስናል። ሕጉ እየበዛ ሲሄድ ዳኛው ከካርታው ይልቅ መጽሐፍ ሲያገላብጥ የሚውል ሆነ። በ1876 ፎን ፌርዲ ዱ ቬርኑዋ የተባለው መኮንን ዳኛው ከሕግ መጽሐፉ ይልቅ በልምዱና በማስተዋሉ ይፍረድ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሕግ ሲበዛ አሻሚነት ይጠፋል የሚለው ተስፋ በዚያም አልያዘም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከመኮንኖች ወደ ሲቪሉ ጨዋታ ተሻገረ። ኤች. ጂ. ዌልስ በ1913 በወታደር አሻንጉሊት የሚካሄድ ጨዋታ ሕግ አሳተመ። የመሪ የቼዝ ታሪክ የወጣውም በዚያው ዓመት ነው። በ1983 ደግሞ ዋርሃመር የተባለው ጨዋታ በእንግሊዝ ታትሞ ወጣ። በዚህ ዓይነቱ ጨዋታ የእያንዳንዱ ምስል ችሎታ በጽሑፍ ተዘርዝሯል፤ ይህ ምስል እንዲህ ያደርጋል፣ ያኛው በእንዲህ ያለ ጊዜ እንዲህ ይችላል ይላል። ሆኖም ሁለት ችሎታዎች ሲጋጩ፣ ወይም አንድ ቃል ሁለት ሲፈታ ተጫዋቾቹ ይከራከራሉ። ከፊሉ «ፊደሉ የሚለውን» ይላል፤ ከፊሉ «ደራሲው ያሰበውን» ይላል። ለሥነ ጽሑፍ ሰው ይህ የታወቀ ሙግት ነው። አዘጋጆቹ ራሳቸው ተጫዋቾች ሊስማሙ ካልቻሉ ዳይስ የሚባለውን ባለ ስድስት ገጽ ዕጣ ጥለው እንዲቀጥሉ በሕግ መጽሐፋቸው መክረዋል፤ በየጊዜውም የማብራሪያና የእርማት ጽሑፍ ያወጣሉ።

እንግዲህ ሦስት መፍትሔ አየን። የፕሩሲያው መፍትሔ ባለሥልጣን ዳኛ ነው። የአሻንጉሊቱ ጨዋታ መፍትሔ ዕጣና የአሳታሚው ማብራሪያ ነው። የእኛው የክበቡ ጉባኤ ነው። ዕጣ ፈጣን ነው፤ ግን ምክንያት የለውምና ለነገ የሚተርፍ ትምህርት አይተውም። የአሳታሚ ማብራሪያ ለሁሉ አንድ ሕግ ይሰጣል፤ ነገር ግን የተሸነፈውን ንባብ ይደመስሳል። የጉባኤው ዘዴ ለዛሬ ፈርዶ ለነገ ሁለቱን ንባብ ያቆያል። ድክመቱም እዚያው ላይ ነው፤ ንባቡ የሚቆየው ሰው እስካለ ድረስ ብቻ ነው። አሳታሚው ቢከስር መጽሐፉ ይቀራል፤ ጉባኤው ቢበተን የሚቀር የለም።

7. ማጠቃለያ

ከላይ ከተባለው ሁለት ነገር ይከተላል። የመጀመሪያው ያለፈውን ይመለከታል። ስለ ሰንጠረዥ የተጻፉትን የምናነብ ሰዎች በመዝጋቢዎቹ መካከል ልዩነት ስናገኝ አንዱን ለመጣል መቸኮል የለብንም። ልዩነቱን እንደ ሁለት ቤት ንባብ አድርገን ማስቀመጥ፣ ከዚያም እያንዳንዱ ንባብ ከየትኛው ቃልና ከየትኛው አመክንዮ ሊወለድ እንደሚችል መጠየቅ ይገባናል። «ይሄዳል» እና «ይበላል»፣ «አይሆንም» እና «አይቻልም» እንዴት እንደሚለያዩ የሚያውቅ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ፣ በዚህ ሥራ ከታሪክ ተመራማሪው ያላነሰ ድርሻ አለው።

ሁለተኛው ያለውን ይመለከታል። ገበጣ ገና አልሞተም። በጠዳ፣ በአዘዞ፣ በማክሰኚት የሚያውቁት ሽማግሌዎች አሉ፤ ልጆቻቸው ግን ጠጠር ከመልቀም ይልቅ ስልክ መነካካት ይቀላቸዋል። ለመስክ ሥራ የሚወጡ ተማሪዎቻችን የጨዋታውን ሕግ ጽፈው ሲመለሱ አያለሁ። ስንት ጉድጓድ፣ ስንት ጠጠር፣ ማን ይጀምራል የሚለው በሥርዓት ተዘርዝሮ ይመጣል። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሶልትና ፕላውደን ከሠሩት አይበልጥም። የአገሩን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ከዚህ በላይ ማምጣት ይችላል። ሕጉን ከጻፈ በኋላ ሦስት ጥያቄ ይጨምር፤ በዚህ ሕግ ላይ የተጣላችሁበት ጊዜ አለ? ሲጣሉ የወዲያውና የወዲህኛው ምን አለ? ማንስ ፈረደ፣ በምን ቃል? መልሱንም ሳያሳጥር፣ ሳያርም፣ በተናጋሪው አነጋገር ይጻፍ። ከየትኛው መንደር እንደተገኘም ይመዝግብ፤ በጉባኤ ቤት ፍቺ ያለ ቤቱ እንደማይጠቀስ ሁሉ የገበጣ ሕግም ያለ መንደሩ ሊጠቀስ አይገባም።

ተረትን፣ ምሳሌያዊ አነጋገርንና የቃል ግጥምን የሥነ ቃል ክፍል አድርገን ስንሰበስብ ኖረናል። በጨዋታ መካከል የሚነሣው ሙግትም ከእነርሱ ተራ ሊሰለፍ ይገባዋል። በውስጡ የቃል ፍቺ አለ፣ አመክንዮ አለ፣ ምስክር አለ፣ ፍርድ አለ። የሰንጠረዥን ክርክር የሰማ ጆሮ ዛሬ የለም፤ የገበጣን ክርክር የሚሰማ ጆሮ ግን አለ። እርሳሱንና ደብተሩን ይዞ መቀመጥ የእኛ ፈንታ ነው።